የመዝገብ ቤቱ በር ለተለማማጅ ተማሪዎች ይከፈት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የከተማ አስተዳደር ትምህርት አስተምራለሁ። ከመደበኛው ሥራዬ ጎን ለጎንም ለመመረቅ የተቃረቡ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ፣ በብዙዎቻችን አፍ እንደሚባለው ለኢንተርንሺፕ፣ ሲወጡ የሚመደቡበትን መሥሪያ ቤት የማፈላለግና የመከታተል ኃላፊነት ከተሰጠኝ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዛሬ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ጥቂቶቹ ስለሚመደቡባቸው የወረዳ ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤቶች ነው። ተማሪን ወደ ጸጥታ መሥሪያ ቤት መላክ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቅር የሚለኝ እዚያ ከደረሰ በኋላ የሚሰጠው ሥራ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ተማሪው ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ያወጣል። ደብዳቤው ወረዳው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ወደ ኃላፊው ይመራል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆኑ (አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው) ተማሪው ነገ ተመለስ ይባላል። ከብዙ ምልልስ በኋላ ተቀባይነት ሲያገኝ የሚጠብቀው ሥራ ደብዳቤ መተየብ፣ ፎቶ ኮፒ ማንሳትና ለስብሰባ ወንበር መደርደር ነው። በመጨረሻው ሳምንት የምዘና ቅጹን ይዞ ይቀርባል። የቅርብ ኃላፊው ከ«ሰዓት ማክበር» እስከ «የፈጠራ ችሎታ» በተዘረዘሩት መመዘኛዎች ሁሉ ፊት «እጅግ በጣም ጥሩ» በሚለው ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ ማኅተም ይመታል፣ ልምምዱም ተጠናቀቀ ይባላል። እኔም ያንን ቅጽ ተቀብዬ ውጤት የምሰጥ ሰው ነኝና ከጥፋቱ ነፃ ነኝ አልልም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ስለተጀመረ ተማሪው ራሱ በልምምዱ ጊዜ ልቡ ከፈተናው ላይ አይነሳም፤ ቢሮ ውስጥ ሥራ ባይሰጠው ደስ የሚለው፣ ጥግ ይዞ ለፈተናው የሚያነብ ተማሪ አጋጥሞኛል።

ባለፈው ዓመት ሁለት ተማሪዎቼ በአንድ ወረዳ የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ተመድበው ነበር። ወረዳውን በስም አልጠራም፤ በሌሎቹ ዘንድም ከዚህ ብዙ የተለየ ነገር ስላላየሁ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። የመጀመሪያው ተማሪ በሦስተኛው ቀን አንጸባራቂ ሰደርያ ተሰጥቶት፣ ከደንብ አስከባሪዎች ጋር ሆኖ የጎዳና ላይ ነጋዴዎችን እንዲያስነሳ ተላከ። የተቀቀለ ድንች የሚሸጡ አንዲት እናት ሳፋቸውን እያነሱ «አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ይህን ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ በማግስቱ ወደዚያ ሥራ እንዳይመለስ ከኃላፊው ጋር ተነጋግሬ አስቀረሁት። ደንብ ማስከበር የራሱ ሕግ፣ የራሱ ሥልጠናና የራሱ ተጠያቂነት ያለው ሥራ ነው። ያልሠለጠነና ያልተቀጠረ ተማሪ ሰደርያ ለብሶ በሌላው ሰው እንጀራ ላይ እንዲቆም ማድረግ ለነጋዴዋም፣ ለተማሪውም፣ ለወረዳውም የሚበጅ አይደለም።

ሁለተኛዋ ተማሪ ግን ዕድለኛ ነበረች። የምትሠራው ስላጣች መደርደሪያ እንድታጸዳ ተነገራት፤ በማጽዳቱ መካከል ሦስት ወፍራም መዝገቦች አገኘች። ነዋሪው ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጥቶ ወይም ደውሎ ያቀረበው ጥቆማና አቤቱታ የሰፈረባቸው ናቸው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የተፈጸመው ነገርና የተወሰደው እርምጃ በየዓምዱ በእጅ ጽሑፍ ተመዝግቧል። እነዚህ መዝገቦች በሩብ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ይገለጣሉ፤ ይህን ያህል ጥቆማ ቀርቦ ይህን ያህሉ ተፈታ የሚል ቁጥር ለሪፖርት ከተወሰደ በኋላ ተመልሰው ይደረደራሉ። ጉዳዩ የት ቦታ እንደሚደጋገም፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚበረታ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ልጅቷ ፈቃድ ጠየቀች። ስም ሳትጽፍ፣ ከእያንዳንዱ መስመር ቦታውን፣ ዕለቱን፣ ሰዓቱንና የጉዳዩን ዓይነት ብቻ ወደ ደብተሯ እየገለበጠች፣ በእጇ በሣለችው የወረዳው ካርታ ላይ አንድ በአንድ ነጥብ ጣለች።

ያገኘችው ነገር እኔን መምህሯን አስተማረኝ። የሞባይል ነጠቃው በወረዳው ሁሉ የተበተነ አልነበረም። በአንድ የታክሲ ፌርማታና በአንድ ትምህርት ቤት አጥር መካከል ባለ የእግረኛ መንገድ ላይ ተሰብስቦ ነበር፤ ሰዓቱም ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የታጨቀ ነው። አንድ ምሽት አብሬያት ሄጄ አየሁት። የመብራት ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ አምፖሎቹ ግን አይበሩም። የአጥሩ ግንብ ረጅም ነው፤ አንድ ሱቅ፣ አንድ መስኮት ወደ መንገዱ አያይም። ከታክሲ የወረደ ሰው ስልኩን አውጥቶ በባትሪው እያበራ ይሄዳል፤ ነጣቂው የሚጠብቀውም ያንኑ ብርሃን ነው። ጽሕፈት ቤቱ ለዚህ ችግር ሲሰጥ የኖረው መልስ የጥበቃ ኃይል ይጨመር የሚል ነበር። መፍትሔው ግን ምናልባት አራት አምፖልና አጥሩ ላይ የሚከፈት አንድ የጥበቃ መስኮት ሊሆን ይችላል፤ ይህን የመወሰን ሥልጣን ደግሞ የጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ ብቻ አይደለም፣ መብራቱም መንገዱም ትምህርት ቤቱም የየራሳቸው ባለቤት አላቸውና።

ከዚህ ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ክዳኑ የተነሳ አንድ የፍሳሽ ጉድጓድ ተደጋግሞ ይገኛል። አንድ ጊዜ ሕፃን፣ ሌላ ጊዜ ሽማግሌ ወድቀውበታል። ነዋሪው ይህን ለጸጥታ ጽሕፈት ቤት ያመለከተው ሌላ የሚሄድበት ቦታ ስለማያውቅ ነው፤ በተወሰደው እርምጃ ዓምድ ሥር የተጻፈውም «አይመለከተንም» የሚል ነበር። ለነዋሪው ግን ጉዳዩ አንድ ነው። ለወንጀል 991፣ ለእሳት 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እንደሚደወል ያውቅ ይሆናል፤ ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ በሰላም መመለስና አለመመለሱን ሲያስብ ግን ሌባውን፣ ጨለማውን፣ ጉድጓዱንና የሚበረውን መኪና በየመሥሪያ ቤቱ ከፋፍሎ አይፈራም። የማኅበረሰብ ደኅንነት ፖሊሲ የሚባለው ነገር ቢኖር መነሻው ይህ ይመስለኛል።

ልጅቷ ባለ 8 ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅታ አስረከበች። ኃላፊው አንብበው «በጣም ጥሩ ሥራ ነው» አሏት፤ ከልባቸው እንደነበር አልጠራጠርም። ጽሑፉ ማኅደር ውስጥ ገባ። ከወራት በኋላ አዲስ ተማሪዎች ይዤ ስሄድ ኃላፊው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረዋል፣ ማኅደሩን የሚያውቅ ሰው የለም፣ መንገዱም እንደጨለመ ነው። አዲሶቹ ተማሪዎች ከባዶ ሊጀምሩ ሆነ።

ይህ የአንድ ወረዳ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጋዜጣችሁን ቦታ አልሻማም ነበር። ከተማችን 11 ክፍለ ከተሞችና ከመቶ በላይ ወረዳዎች አሏት። ትልልቅ የጸጥታ ውሳኔዎች የሚወሰኑት ግን ከላይ ነው፤ ውሳኔው ያመጣው ለውጥ የሚታየው ደግሞ ታች ባለው መዝገብ ውስጥ ነው። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የከተማ አስተዳደሩ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክሎችን እንቅስቃሴ ሲያግድ ከተሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው በሞተር ሳይክል እየታገዘ የሚፈጸም ቅሚያ ነበር። እገዳው ተገቢ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ላቆየው። ቅሚያው ቀነሰ ወይስ ከሞተር ወርዶ በእግርና በመኪና ቀጠለ ለሚለው ጥያቄ ግን በአንድ ወረዳ የ2011 ዓ.ም. እና የ2012 ዓ.ም. መዝገቦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ መልስ መፈለግ ለመመረቂያ ዓመት ተማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ጠንቃቃ ተማሪ ከሆነ ደግሞ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን መግባቱን፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ጭር በማለቱ ቁጥሩ በራሱ ሊቀንስ እንደሚችል አስተውሎ ከመጋቢት በፊት ያሉትን ወራት ብቻ ያነጻጽራል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚማረው ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚለማመደው ግን መዝገቡ ሲከፈትለት ብቻ ነው።

ተማሪን ወደ ሕዝብ መላክ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሪ ሆነው ሠርተዋል። ለእኔ ይበልጥ የሚያስቀናኝ ግን ጅማ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትነት የተጀመረው የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ማኅበረሰብ ተኮር አድርጎ ሲያቋቁም ተማሪዎቹን በቡድን እያደራጀ ወደ ነዋሪው መንደር መላክን የትምህርቱ አካል አደረገው። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ የአካባቢውን ችግር ያጠናሉ፣ ቀጥለው ከነዋሪው ጋር ቅደም ተከተል ያወጣሉ፣ ከዚያም የሚቻለውን ይሠራሉ፣ የተሠራውን ይገመግማሉ። የትኛው መጸዳጃ ቤት የት እንደተቆፈረ፣ የትኛው ምንጭ እንዳልተከለለ ከዓመት ወደ ዓመት ይታወቃል። የሕግ ትምህርት ቤቶችም በኤክስተርንሺፕ፣ ማለትም ከትምህርት ቤቱ ውጭ በሚደረግ የሕግ ሥራ ልምምድ፣ እና በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ተማሪዎቻቸውን ከእውነተኛ ባለጉዳይ ጋር ያገናኛሉ። ስለ ውኃ ወለድ በሽታ ይህን ያህል ከተጨነቅን፣ ነዋሪው ሲመሽ የሚያልፍበትን መንገድ በዚያው ዘዴ ማጥናት የሚያቅተን ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ። ይህን ሐሳብ ባልደረቦቼ ዘንድ ሳነሳ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ይገጥመኛል፤ ሁለቱንም በቀላሉ አላልፋቸውም።

የመጀመሪያው ከነዋሪው ወገን የሚመጣ ነው። በዕድሜ የገፉ የሠፈር ሰዎች ደብተር ይዞ ከወረዳ የመጣን ወጣት ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል፤ ምክንያታቸውን አውቃለሁ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967፣ የተቋቋሙት ቀበሌዎች መጀመሪያ የቤት ኪራይ ሰብሳቢና የሠፈር ልማት ሠሪ ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ አብዮት ጥበቃ ታጠቀ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት እስር ቤት ሆነ፣ በደብተር የተጻፈ ስም ሰው ያስገድል ጀመር። በዚያ ዘመን የተጻፈውና ያስጻፈው ጎረቤት ነበር፤ ብዙዎቹም ወጣቶች ነበሩ። ይህን ያየ ትውልድ ዛሬም በየሠፈሩ አለ። ስለዚህ ተለማማጅ ተማሪ ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ ማን ቤት ማን እንደሚገባ ጠይቆ የሚጽፍ ከሆነ እኔ ራሴ ተማሪዬን በዚያው ቀን አስወጣለሁ። የተማሪው ደብተር ቦታ፣ ሰዓትና የጉዳይ ዓይነት ብቻ ይያዝ፤ የሰው ስም፣ የስልክ ቁጥርና የቤት ቁጥር አይግባበት። በሌሊት ቅኝት ላይ አይሰማራ፣ ዱላ አይያዝ፣ ሰደርያ አይልበስ። የፖለቲካ አመለካከቱም ለምደባ አይጠየቅ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኃላፊዎች የሚመጣ ሲሆን፣ የጸጥታ መረጃ ምስጢር ነው የሚል ነው። ምስጢር የሆነ እንዳለ እቀበላለሁ፤ በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ፣ የጠቋሚ ማንነት፣ የተጎጂ ሴቶችና ሕፃናት ታሪክ ተማሪ እጅ ሊገባ አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰውን መረጃ የሚይዝ መሥሪያ ቤት ሊጠነቀቅበት የሚገባውን ዘርዝሯል። በሌላ በኩል አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ሁለቱ የሚጋጩ አይመስለኝም። የዛሬ ስድስት ወር ማክሰኞ ማታ የተነጠቀውን ሰው ስም መሰወር ግዴታ ነው፤ ነጠቃው የደረሰበትን መንገድ መሰወር ግን ማንን እንደሚጠብቅ ሊነግረኝ የቻለ ኃላፊ እስካሁን አላገኘሁም። በነገራችን ላይ መንገዱን ነጣቂውም ያውቀዋል።

እንግዲህ የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፤ አብዛኛውም ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የከተማው የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ ተለማማጅ ተማሪ በወረዳ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ የሚወስን አጭር መመሪያ ያውጣ፤ ሁለት ገጽ ይበቃል። ተቋማችንና ሌሎች ተቋማት ተማሪዎቻቸውን ወደ አገኙት ቦታ ከመበተን ይልቅ ለዓመታት የሚዘልቅ ግንኙነት ከጥቂት ወረዳዎች ጋር ይፍጠሩ፣ የዘንድሮው ተማሪ ካቆመበት የከርሞው ይቀጥል። ተማሪው ከመዝገቡ ባሻገር የእድር ጸሐፊዎችንና የየመንደሩን የጥበቃ ሠራተኞች እንዲያነጋግር ይደረግ። ነዋሪው በየወሩ ለአካባቢ ጥበቃ የሚያዋጣው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆመው ዘበኛ ግን የሚያየውን የሚጠይቀው ሰው የለም። የእድር ጸሐፊም ቢሆን ከማንም ቢሮ በተሻለ የሠፈሩን ቤቶች ያውቃል። ሌላው ቀርቶ ዝናብ ሲጥል የትኛው ቱቦ እንደሚሞላ የሚነግሯችሁ ድንኳን ተካዮቹ ናቸው።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምጠይቀው ግን የጽሑፍ መልስ ነው። ተማሪው ጥናቱን ሲያስረክብ ጽሕፈት ቤቱ ቁጥር ሰጥቶ ይቀበለው፤ በሠላሳ ቀን ውስጥም የትኛውን እንደሚቀበል፣ የትኛው የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ እንደሆነና ለማን እንዳስተላለፈው፣ የትኛውን እንደማይቀበልና ለምን እንደሆነ በደብዳቤ ይግለጽ። አንድ ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንድ ቅጂ ለክፍለ ከተማው ይድረስ። ያን ጊዜ ኃላፊው ቢዛወሩም ማኅደሩ አይጠፋም፤ ተማሪውም የሚጽፈውን የሚያነብ ሰው እንዳለ ስለሚያውቅ ጠንቅቆ ይጽፋል። «አይመለከተንም» የሚለው መልስ እንኳ ወደ ሚመለከተው አካል በደብዳቤ ከተላከ ጉድጓዱ ክዳን የሚያገኝበት ዕድል አለው። የምዘና ቅጹን በተመለከተም እኛ መምህራን ማኅተሙን ትተን ጥናቱንና የተሰጠውን መልስ አንብበን ውጤት እንስጥ።

የትራንስፖርት ነገርም ሳይነሳ አይታለፍ። ወላጆቹ ክፍለ ሀገር የሆኑ ተማሪ ከመኖሪያው ተነስቶ በሁለትና በሦስት ታክሲ ወረዳ ሲመላለስ የሚያወጣው ወጪ ከምሳው ላይ የሚቀነስ ነው። በየወሩ የአውቶቡስ መጓጓዣ መሸፈን ለከተማ አስተዳደር የሚከብድ አይመስለኝም፤ ቢከብድ እንኳ ተማሪዎችን ለሚኖሩበት አካባቢ ቅርብ በሆኑ ወረዳዎች መመደብ ይቻላል።

የዘንድሮ ተማሪዎቼ በሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት የትብብር ደብዳቤያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከመካከላቸው አራቱ የማኅበረሰብ ደኅንነትን መርጠዋል፤ ስም ላለመመዝገብና ምስጢር ለመጠበቅ የሚፈርሙትን ቅጽ ከወዲሁ አዘጋጅተናል። ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ የወረዳ ኃላፊ ካሉና መዝገቡን ለመክፈት ፈቃደኛ ከሆኑ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ፤ ተማሪዎቹን ይዤ ራሴ እመጣለሁ። ባለፈው ዓመት ተማሪዬ የሣለችው ካርታ ቅጂም እጄ ላይ ስላለ፣ ያን ወረዳ አሁን የሚመሩት ኃላፊ ይህን ካነበቡ አንድ ቅጂ ላደርስላቸው ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የከተማ አስተዳደር መምህር
ከየካ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ